ዋናው ባለሙያ ከለቀቀ በኋላ፦ ዕውቀትን መያዝ ለአነስተኛ አምራች ድርጅት ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ ውስጥ የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን የምናመርት ዐሥራ አንድ ሠራተኞች ያሉን ድርጅት ነን። ማሽኑን ራሳችን ነድፈን፣ ላሜራውን ቆርጠንና በይደን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንም ራሳችን ዘርግተን ነው የምንሸጠው። ከመነሻው አብሮን የነበረው ዋና ባለሙያ ባለፈው ዓመት ለቆ ወደ ዱባይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተመላሽ ማሽን በዝቶብናል። በተለይ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ‹ሙቀቱ ልክ ነው፣ ጫጩቱ ግን ቅርፊቱን ሰብሮ ሳይወጣ ይሞታል› የሚል ቅሬታ ይደጋገማል። የጀመርነው አዲስ ሞዴልም ቆሟል። አንድ አማካሪ የዕውቀት አስተዳደር ሥርዓት እንድንዘረጋና ለዚሁ የሚሆን ሶፍትዌር እንድንገዛ መክሮናል። ይህ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ አይደለም ወይ? በእርግጥ ገቢያችን ላይ ለውጥ ያመጣል? የሚያመጣ ከሆነስ ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦

ሶፍትዌሩን ለጊዜው ይተዉት፤ ገንዘቡ ይቆይዎት። ጥያቄዎ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ለውጥ ያመጣል፤ እንዲያውም ከትልልቆቹ ይልቅ የእናንተን በመሰለ ድርጅት ላይ የበለጠ ያመጣል። ለውጡ የሚመጣበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከአንዱ ማሽን የተማራችሁት ነገር ቀጥሎ የምትሠሩትን ማሽን ሲለውጠው። በወረቀት ተጽፎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቸ፣ በሥልጠና ላይ የተነገረ ዕውቀት ወደ ብየዳው ጠረጴዛ እስካልተመለሰ ድረስ አንድም ብር አያስገባም።

ከደብረ ብርሃኑ ቅሬታ እንጀምር፤ ምን እንደጠፋባችሁ ከእርሱ በላይ የሚያሳይ የለምና። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። ማራገቢያ ባለው ማሽን ውስጥ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 በመቶ በላይ ይሆናል። ይህን ማንኛውም መመሪያ ይናገረዋል፤ ሠራተኞቻችሁም እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። በዚህ ምክንያት ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ከእንቁላሉ የሚተነው ውኃ ደግሞ ይጨምራል። እንቁላሉ ቆላ ላይ ከምትኖር ዶሮ የመጣ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ደጋን የተላመዱ ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል ቅርፊቱ ውኃን ቆጥቦ የሚያስወጣ ነው።

ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሁለቱ መድኃኒቶች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ መሆናቸው ነው። ኦክስጅን ይግባ ተብሎ የአየር ማስገቢያው ሲሰፋ እርጥበቱ አብሮ ይወጣል። እርጥበቱን ለማቆየት ሲጠብ ኦክስጅኑ ያንሳል። ሙቀት መለኪያው በዚህ ሁሉ መካከል «37.6» እያለ ይቀጥላል፤ ደንበኛውም «ሙቀቱ ልክ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጫጩቱ ግን ሙሉ በሙሉ አድጎ፣ ውስጠኛው ሽፋን ደርቆበት፣ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ ይሞታል።

የሄደው ባለሙያችሁ ይህን እኔ በጻፍኩት መንገድ ይናገረው እንደነበር እጠራጠራለሁ። ግምቴ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ወደ ደጋ እንደሚሄድ ሲሰማ እርጥበት የሚሰጠውን የውኃ ሳህን ትልቅ ያደርግ፣ የአየር ማስወጫውን መክፈቻ በእጁ ያስተካክል፣ ለደንበኛውም በስልክ «የመጨረሻዎቹን ቀናት በሩን አትክፈት» ይለው ነበር። የማሽኑን የንድፍ ሥዕል አውጥታችሁ ተመልከቱት። ለሐዋሳና ለደብረ ብርሃን የተሣለው የአየር ቀዳዳ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የደጋው ማሽን ይሠራ የነበረው በሥዕሉ ሳይሆን በሰውየው ነበር ማለት ነው። እርሱ ሲሄድ ማሽኑ ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። ተመላሽ የበዛባችሁ ሠራተኞቻችሁ ስለሰነፉ አይደለም፤ የተሰጣቸውን ሥዕል በታማኝነት እየሠሩ ነው።

ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ይህን ነገር አምስት መሐንዲሶች ያውቁታል፤ አንዱ ቢሄድ አራቱ አሉ። እናንተ ዘንድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በአዳዲስ ፈጠራ የሚኖር አነስተኛ ድርጅት ለአደጋ የተጋለጠው ለዚህ ነው። የሚሸጠው ነገር ገበያ ውስጥ የተለመደ ስላልሆነ የለቀቀውን ሰው የሚተካ ባለሙያ በማስታወቂያ አይገኝም። ዕውቀቱ የተፈጠረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ግቢ ሌላ ቦታ የለም።

አሁን «በእርግጥ ገቢ ላይ ለውጥ ያመጣል?» ወደሚለው ልምጣ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአዋጆች ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ጉዳይ የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ለባለቤቶች መጠይቅ አድሎ «ዕውቀት ትካፈላላችሁ? ውጤታችሁስ እንዴት ነው?» የሚል ነው። አዎንታዊ ግንኙነት ያገኛሉ፤ ሆኖም የተሳካለት ድርጅት ሁሉንም ነገር አሳምሮ የመመለስ ዝንባሌ ስላለው፣ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል። አማካሪዎ የዚህ ዓይነት ጥናት ካሳዩዎት በአክብሮት ይስሙ፤ ውሳኔዎን ግን በእርሱ ላይ ብቻ አይመሥርቱ። ክብደት የምሰጣቸው በየቀኑ የተመዘገበ የምርት መረጃን የተከተሉ ወይም በሙከራ የተደገፉ ጥናቶችን ነው።

ለእናንተ በጣም የሚቀርበው በ1995 የታተመው የዳር፣ የአርጎትና የኤፕል ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ፔንስልቬንያ የሚገኙ 36 ፒዛ ቤቶችን ለዓመት ተኩል ተከታተሉ። ቤቶቹ ሁሉ የአንድ ኩባንያን ስም ይዘው የሚሠሩ ቢሆኑም ባለቤቶቻቸው ዐሥር የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ነገር አገኙ። ቤቶቹ ብዙ ፒዛ በሠሩ ቁጥር የአንዱ ፒዛ ወጪ እየቀነሰ ሄደ። አንዱ ቤት የተማረው ነገር ወደ ሌላው ቤት ይሻገር ነበር፤ ግን የሚሻገረው ባለቤታቸው አንድ በሆኑ ቤቶች መካከል ብቻ ነው። ምክንያቱም እነርሱ በስልክ ይገናኛሉ፣ አብረው ይሰበሰባሉ፣ ሰዎቻቸውም ይተዋወቃሉ። ሦስተኛውና የሚያስደነግጠው፣ የተማሩት ነገር በፍጥነት እየጠፋ መሄዱ ነው፤ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥበት ሥራ በመሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙው ይባክናል።

ከዚያው ጥናት አንድ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ወፍራሙ ፒዛ ላይ ስስ የቋሊማ ቁራጮች ሲደረደሩ፣ አይቡ ምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ ሁሉንም ወደ መሐል እየሰበሰበ ያስቸግር ነበር። አንድ ሠራተኛ ቁራጮቹን እንደ ጎማ ዘንግ ከመሐል ወደ ዳር ቢደረድራቸው፣ አይቡ ሲፈስ እኩል እንደሚያሰራጫቸው ደረሰበት። ምንም ወጪ የሌለው ግኝት ነው። ዘዴው ግን እርሱ ቤት አልቀረም፤ ወደ ሌሎቹ ቤቶች ተላልፎ የኩባንያው የተለመደ አሠራር ሆነ። ያ ሠራተኛ ነገሩን ለራሱ ይዞ በሦስተኛው ወር ቢለቅ ኖሮ ቁራጮቹ እንደገና መሐል ላይ ይከመሩ ነበር። እናንተ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሕንድ ነው። ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሙምባይ አካባቢ ባሉ የጨርቃ ጨርቅ ድርጅቶች ላይ ሙከራ አድርገው በ2013 አሳትመዋል። የተመረጡት ፋብሪካዎች አማካሪ በነጻ ተሰጣቸው። ከተደረጉት ነገሮች ዋናዎቹ ቀላል ነበሩ፤ የጨርቅ ብልሽትን በዓይነቱ መመዝገብ፣ ማሽን የቆመበትን ምክንያት መጻፍ፣ መዝገቡን ይዞ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ መነጋገር፣ መጋዘኑን በሥርዓት መያዝ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው በ17 በመቶ አደገ። እነዚያ ድርጅቶች ከእናንተ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉና ቁጥሩን ለራሳችሁ ቃል አድርጋችሁ አትውሰዱት። የሠራውን ነገር ግን ልብ ይበሉ። ብልሽት ተመዘገበ፣ መዝገቡ ተነበበ፣ በተነበበው መሠረት ሥራው ተቀየረ።

እንግዲህ መነሻችሁ የተመለሱት ማሽኖች ይሁኑ። ብዙ ሰው ዕውቀት መያዝ ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው የሠራተኛውን ሁሉ ችሎታ ከሀ እስከ ፐ መጻፍ ነው። ያ ወራት ይፈጃል፣ ሠራተኛውን ያሰለቻል፣ መጨረሻ ላይም የሚያነበው አይገኝም። ተመላሽ ማሽን ግን ምን እንደማታውቁ ለይቶ ይነግራችኋል። ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ መዝገብ ግዙ። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ቁጥር ይመታበት። ማሽን ሲመለስ ወይም ቅሬታ በስልክ ሲመጣ በዚያው ዕለት ይጻፍ፦ የማሽኑ ቁጥር፣ የተላከበት ቦታና ከፍታው፣ ደንበኛው በራሱ አንደበት ያለው ነገር፣ ተከፍቶ ሲታይ የተገኘው፣ የተደረገው ጥገና። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የመጨረሻ ዓምድ ይኑር፤ «ሥዕሉ ላይ ምን ተቀየረ?» የሚል። ዋናው እርሱ ነው። ባዶ ሆኖ የቀረበት ረድፍ ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ የተማራችሁትንና የጣላችሁትን ነገር ያመለክታል።

ለምሳሌ አንድ ረድፍ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር። ‹ጫጩቱ ይሞታል› ብለዋል። የውኃ ሳህኑ በሁለት ቀን ይደርቃል። ሰፊ ሳህን ገባ። ሥዕል፦ ከ2,400 ሜትር በላይ ለሚሄድ ማሽን ሳህኑ ሁለት ይሁን፤ ቀን፣ ፊርማ።» ከዚያ አሮጌው ሥዕል ከግድግዳው ይወርዳል፤ አዲሱ ቀን ተጽፎበት ይለጠፋል። አሮጌው ሥዕል ከበያጁ ፊት ካልተወገደ፣ ከዚህ በፊት የተደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ቅዳሜ ሥራ ከመዘጋቱ በፊት፣ በያጁም የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ሻጩም ባሉበት የሳምንቱ ረድፎች ጮክ ተብለው ይነበቡ። ሻጩ አይቅር፤ ደንበኛው ስለ ማሽኑ የሚለውን መጀመሪያ የሚሰማው እርሱ ነውና።

በአገራችን የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ሥልጠና የወሰዳችሁ ከሆነ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። ካይዘን በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ በ2009 በ30 ፋብሪካዎች ላይ በሙከራ ተጀምሮ፣ በ2011 ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። እጅግ የማዝነው በብዙ ቦታ ጽዳቱና የወለሉ ቢጫ መስመር ተይዞ፣ ሠራተኛው ያየውን ችግር ጽፎ የሚያቀርብበትና ምላሽ የሚያገኝበት ክፍል በመረሳቱ ነው። ገቢ የሚያመጣው ደግሞ ያ የተረሳው ክፍል ነበር።

የማይጻፍ ዕውቀትም አለ። የበሩ ላስቲክ ልክ መግጠሙን በጣት ዳብሶ ማወቅ፣ የማራገቢያው ድምፅ ሲለወጥ ገና ሳይቆም መስማት፣ እንቁላሉን በብርሃን አይቶ የአየር ኪሱ ከልክ በላይ መስፋቱን መለየት። ማይክል ፖላኒ የተባለው ፈላስፋ በ1960ዎቹ እንዳስተማረው፣ ሰው ከሚናገረው በላይ ያውቃል። ይህን ዓይነቱን ዕውቀት በወረቀት ለመያዝ የሚደረግ ጥረት ሁለቱንም ያደክማል፤ የሚያስተምረውንም የሚማረውንም።

ይህ ዕውቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉት ጃፓናዊ ምሁር የመዘገቡት ታሪክ በደንብ ያሳያል። በ1985 ማትሱሺታ የተባለው ኩባንያ የቤት ዳቦ መጋገሪያ ማሽን እየሠራ ነበር። ማሽኑ የሚያወጣው ዳቦ ላዩ አሮ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። መሐንዲሶቹ በማሽን የታሸውንና በባለሙያ እጅ የታሸውን ሊጥ በራጅ አንስተው እስከ ማወዳደር ደረሱ፤ ምንም አልተገለጠላቸውም። ኢኩኮ ታናካ የተባለች የሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ ውስጥ በዳቦው የታወቀ ሆቴል ዋና ጋጋሪ ዘንድ ሄዳ ሊጥ ማሸት ተማረች። ሰውየው ሊጡን ሲያሸው በተለየ መንገድ እየጠመዘዘ እንደሚስበው አስተዋለች። እርሱ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ምናልባትም መናገር የሚገባ ነገር አልመሰለውም። ከመሐንዲሶቹ ጋር አንድ ዓመት ያህል ሠርተው ያንን መጠምዘዝ የሚያመጡ ልዩ ጥርሶች በማሽኑ ውስጥ ገጠሙ፤ ዳቦውም ሆነ። ማሽኑ በመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ክብረ ወሰን ሰበረ።

እናንተም ከወጣት ሠራተኞቻችሁ አንዱን፣ እጁም አእምሮውም ንቁ የሆነውን፣ ደብረ ብርሃን አንድ ደንበኛ ዘንድ ለአንድ ሙሉ የማስፈልፈል ዙር ብትልኩት፣ ሶፍትዌሩ በዓመት የማያመጣላችሁን ነገር ይዞ ይመለሳል። ደንበኛዋ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለች? በሩን ስንት ጊዜ ትከፍታለች? ውኃ የምትጨምረው ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቅ ያለ? የቆመው አዲስ ሞዴላችሁ እነዚህን ይፈልጋል። የእጅ ሥራውን ደግሞ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ሠራተኛው እየሠራ፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ እየተረከ። የቴሌግራም ቡድን እንዳላችሁ እገምታለሁ፤ ለወሬ መለዋወጫ መልካም ነው፤ ግን በዚያ የተላከ ፎቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሌላ መልእክት ተቀብሮ ይቀራል። ከቡድኑ ውስጥ ጠቃሚውን እየለየ ወደ መዝገቡ የሚያሻግር አንድ ሰው በስም ይመደብ።

ሠራተኞቹ የሚያውቁትን ለመናገር ፈቃደኛ ባይሆኑስ? ይህ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ነው። ፓኪስታን ውስጥ በሲያልኮት ከተማ የእግር ኳስ የሚሰፉ ብዙ ድርጅቶች አሉ። ተመራማሪዎች የኳሱን ሰው ሠራሽ ቆዳ ብክነት የሚቀንስ አዲስ የመቁረጫ ቅርጽ ሠርተው በነጻ ሰጧቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ቆራጮቹ የሚከፈላቸው በቁራጭ ብዛት ሆኖ ተገኘ። አዲሱ መሣሪያ እስኪለምዱት ያዘገያቸዋል፤ የተረፈው ቆዳ ጥቅም ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ለባለቤቶቹ «አይጠቅምም» ብለው ነገሯቸው። ተመራማሪዎቹ በሌላ ዙር፣ መሣሪያውን በሚገባ መጠቀሙን ላሳየ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል የአንድ ጊዜ ጉርሻ ሲሰጡ፣ የሚጠቀሙበት ድርጅቶች ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ጥናቱ በ2017 ታትሟል።

የእናንተ በያጅ የሚከፈለው በማሽን ብዛት ከሆነ፣ መዝገብ ለመሙላት የሚቆምበት እያንዳንዱ ደቂቃ ከኪሱ ይወጣል። ያን ደቂቃ ክፈሉት። የሠራተኛ ሐሳብ ሥዕሉን ሲለውጥ ስሙ በሥዕሉ ጥግ ይጻፍ፤ ጉርሻም ይሰጠው። ስህተቱን ደፍሮ ያስመዘገበ ሰው በዚያ ምክንያት ከደመወዙ አይቀነስበት፤ አንድ ጊዜ ከተቀነሰበት መዝገባችሁ ከዚያ በኋላ የሚጻፍበት መልካም ወሬ ብቻ ይሆናል።

«ሁሉን ካወቁ ለቀው የራሳቸውን ይከፍታሉ» የሚለው ፍርሃት ደብዳቤዎ ውስጥ ባይኖርም በብዙ ባለቤቶች ልብ ውስጥ ስላለ እመልሰዋለሁ። ይከፍታሉ፤ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ጫማ ሥራ የተወለደው እንዲሁ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመናውያን ነጋዴዎች ሁለት የጫማ ፋብሪካ ከፈቱ፤ እዚያ የሠለጠኑት ሠራተኞች እየወጡ የራሳቸውን ከፈቱ፤ ከእነርሱ ዘንድ የተማሩት ደግሞ በተራቸው። መርካቶ ዙሪያ የተስፋፋው የጫማ ሥራ ሥሩ ይኸው ነው። የሚወጣን ሰው ማስቀረት አይቻልም። የሚቻለው እርሱ ሲወጣ ዕውቀቱ እናንተም ዘንድ እንዲቀር ማድረግ ነው። ዕውቀትን በአንድ ሰው ላይ ቆልፎ ማስቀመጥ ከመገልበጥ አያድንም፤ ሰውየው ሲሄድ ባዶ እጅ ያስቀራል እንጂ። በእርግጥ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የደንበኞች ዝርዝርና የዕቃ አቅራቢዎች ዋጋ ለሁሉም አይሰጥም። የራሳችሁ የሆነ አዲስ አሠራር ካላችሁም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ብቻ ሳይሆን ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ ይሰጣል፤ ዕቃውን ለገበያ ከማውጣታችሁ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ዱባይ ስላለው ባለሙያ፦ ይደውሉለት። በቅያሜ ካልተለያያችሁ ደስ ብሎት ይረዳችኋል፤ ቢሆንም ውለታ አይጠይቁ፣ ክፍያ ያቅርቡ። ሥዕሉን ይላኩለትና «ለደጋ ስትሠራ ምን ትቀይር ነበር?» ብለው በአንድ ጉዳይ ይጠይቁት። «የምታውቀውን ሁሉ ንገረን» የሚል ጥያቄ ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ተመልሶ የመጣውን የአንዱን ማሽን ፎቶ ሲያይ ግን ትዝታው ራሱ ይመጣል። ለወደፊቱ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያ አንድ ወር ለርክክብ በቂ የሚሆነው ዕውቀቱ አስቀድሞ ከሁለተኛ ሰው ጋር ተካፍሎ ከሆነ ብቻ ነው። ከአሁን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ አንድ ተከታይ ይኑረው፤ በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናትም ተከታዩ ብቻውን ይሥራ፣ ዋናው ዳር ቆሞ ይመልከት።

ይህ እርስዎንም ይጨምራል። የትኛው ነጋዴ እውነተኛ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) እንደሚሸጥ፣ የትኛው ደንበኛ በዱቤ እንደሚታመን፣ ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ከሆኑ፣ በድርጅቱ ውስጥ ትልቁ የዕውቀት አደጋ ባለቤቱ ነው። ቢታመሙ ምን ይቆማል? የሚቆመውን ነገር አንድ ገጽ ላይ ይጻፉና ከቤተሰብዎ ወይም ከሸሪክዎ አንድ የሚያምኑት ሰው ያንብበው።

መሻሻሉን በምን ታውቃላችሁ? ከተሸጡት ማሽኖች በስድስት ወር ውስጥ የተመለሱት ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። አንድ ብልሽት ሥዕሉ ከተቀየረ በኋላ እንደገና መጣ ወይ? አዲስ የተቀጠረ ሰው ያለ እርዳታ አንድ ማሽን ለመጨረስ ስንት ሳምንት ፈጀበት? እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ሦስቱም ወደ ገንዘብ ይቀየራሉ፤ ተመላሽ ማለት የመኪና ኪራይ፣ የሠራተኛ ቀንና የደንበኛ አመኔታ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመዘገበው ብልሽት ሊጨምር ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ድሮም ነበረ፣ አሁን መታየት ጀመረ ማለት ነው።

የማይፈታውንም ላንሳ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የመኖ ዋጋ ንሮ ዶሮ አርቢው ሲያቆም የሚመጣው የገበያ መቀዝቀዝ በመዝገብ አይድንም። ሶፍትዌሩም ጊዜ አለው፤ መዝገባችሁ ሞልቶ፣ የዛሬ ዓመት የተጻፈውን ረድፍ ለማግኘት ሰው ግማሽ ቀን መፈለግ ሲጀምር ያን ጊዜ ግዙ። ያን ጊዜ ምን እንደምትፈልጉም ለሻጩ በትክክል መናገር ትችላላችሁ።

አዲሱን ሞዴል ከመቀጠላችሁ በፊት ግን አንድ ፍተሻ እለምናችኋለሁ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ደንበኛ ዘንድ ሄዳችሁ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገቡትን 30 እንቁላሎች በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ድምራቸው 1,650 ግራም ቢሆን፣ በ18ኛው ቀን ሲመዘኑ 1,450 ግራም አካባቢ መገኘት አለባቸው፤ ጤናማው ቅነሳ 12 በመቶ ገደማ ነው። ክብደታቸው ከ1,450 ግራም በጣም ካነሰ ማሽኑ እያደረቃቸው ነው፤ ሳህኑን አስፉ። ቅነሳው ልክ ሆኖ ጫጩቱ አሁንም ከሞተ ደግሞ ጥርጣሬያችሁን ወደ አየር ማስገቢያው አዙሩ። ሁለቱንም ክብደት ከማሽኑ ቁጥር ጋር መዝገቡ ላይ አስፍሩና ላኩልኝ፤ ስለ ቀዳዳው ስፋት ያን ጊዜ በቁጥር እንነጋገራለን።